በሸርጣን ሆድ የታሰረች በቅሎ

ሰው በቅሎውን በብዙ ነገር ያጣል፤ በጅብ፣ በገደል፣ በሌባ። የእኛ ቤት በቅሎ ግን የታሰረችው በአንዲት ሸርጣን ሆድ ሥር በነበረ ነገር ነው። ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እኔም ይሳቁ ብዬ እተዋቸዋለሁ። ያን ጊዜ ግን በግቢያችን የሳቀ አልነበረም። የሳቀም ካለ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ባለቤቴ አቶ ወልደየስ የኬላ ጸሐፊ ነበሩ፤ የምንኖረው መቱ ነው፤ እናቴ ያለችው ደግሞ ጎሬ። በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ስለሆነ፣ ክረምቱ ሳይገባና ጅረቱ ሳይሞላ በበቅሎ ቀስ ብዬ ጎሬ እንድሄድ ተቆርጦ ነበር። በቅሎዋም አንድ ናት። እሷ ከሌለች የምወልደው እዚያው መቱ፣ ከአማቴ እጅ ላይ ነው። አማቴ እትዬ አመለወርቅ ክፉ ሰው አልነበሩም። ምጥ የያዛት ሴት ስትጮኽ «ዝም በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» የሚሉ ሴት ነበሩ፤ ይኸው ነው። እኔ እናቴን ፈለግሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጠቡ የመጣው በሰፍነግ ነው።

ሰፍነግን ሁላችንም በጆሯችን እናውቀዋለን። በስቅለት ዕለት ሆምጣጤ የሞላበት ሰፍነግ ሲነበብ ያልሰማ ክርስቲያን የለም። ምን ዓይነት ነገር ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እኔ ጨርቅ ይመስለኝ ነበር። አማቴ አንድ ዓይነት ዳቦ ይመስላቸው ነበር። ታዲያ በዐቢይ ጾም አንድ እሑድ ሙሴ ያኒ ቤታችን መጣ። ያን ጊዜ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ይባላል፤ ይህኛው ሙሴ ቡናና ሰም የሚገዛ፣ ጨውና ላምባ የሚሸጥ ግሪክ ነበር፤ ከባለቤቴ ጋር በኬላ ሲጨቃጨቁ የተወዳጁ ናቸው። ከኪሱ አንድ ብጫ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ለስላሳ ነገር አወጣ።

«ለሚወለደው ሕፃን ገላ ማጠቢያ ይሁን» አለ። «በአገራችሁ ቋንቋ ሰፍነግ ነው።»

አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት፤ ቀጥሎም ሳሙት፤ ቀጥሎም ዳግመኛ ሳሙት።

«እትዬ» አለ ሙሴ ያኒ ደንግጦ፤ «ይህ እኮ የሞተ እንስሳ ነው።»

«የምን እንስሳ?»

«የባሕር።»

አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እግሩስ?»

«የለውም።»

«ዓይኑስ?»

«የለውም።»

«አፉሳ?»

ሙሴ ያኒ ጥቂት አሰበ። «ሁለመናው አፍ ነው።»

«እንግዲያው የእኛ ኬላ ሹም ነው» አሉ ባለቤቴ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ሙሴ ያኒ ግን ነገሩን አልተወም። አባቱ ከባሕር ወለል ሰፍነግ እየጠለቀ የሚያወጣ ሰው ነበር። በልጅነቱ በየበጋው አንድ የተማረ ሰው ከቤታቸው ያርፍ ነበርና፣ በስስ ጨርቅ ወንፊት የባሕሩን ውሃ እያጠለለ፣ ያገኘውን በአጉሊ መነፅር ያሳየው ነበር። እዚያ ያየውን ሲናገር እጁ አያርፍም።

«የሰፍነግ ልጅ ከሰናፍጭ ቅንጣት ያንሳል። ጠጉር አለው፤ በጠጉሩ ይዋኛል፤ አገር ይዞራል። አንድ ቀን አንድ ድንጋይ ይወድና ይቀመጥበታል። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አይነሣም።»

«እንደ ሟቹ ባለቤቴ» አሉ አማቴ።

«ሌላ ደግሞ አለ። ልጅ ሳለ ይዋኛል። ሲጎለምስ ግንባሩን ከመርከብ ጋር ያጣብቅና በዙሪያው የድንጋይ ቤት ይሠራል። በራሱ ቆሞ፣ በእግሩ ምግቡን ወደ አፉ እየጠረገ ዘመኑን ይጨርሳል።»

እኔ ይህን ስሰማ የያዝኩትን እንዝርት አስቀመጥኩ። ከዚያ በፊት የእንስሳ ልጅ ትንሽ እንስሳ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ሸርጣንም እንደዚሁ ነው» አለ ሙሴ ያኒ። «ልጁ እናቱን አይመስልም። ግንባሩ ላይ እሾህ፣ ጀርባው ላይ እሾህ፣ ኋላው ጅራት ነው፤ ዓይኑ ደግሞ የሰውነቱን ግማሽ ያህላል። ቅርፊቱን እየጣለ፣ መልኩን እየለወጠ ነው ኋላ ሸርጣን የሚሆነው።»

ባለቤቴ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ስለዚህ ባሕርን በሚመለከት ትዕግሥተኛ ነበሩ። ሸርጣን ግን ከሶር ወንዝ ዳር ድንጋይ በገለጡ ቁጥር አለ። በሚያውቁት ነገር ሲመጡባቸው አይወዱም።

«ሰፍነጉን ተውኩልህ» አሉ። «በግንባሩ የተጣበቀውንም ተውኩልህ። ሸርጣን ግን ሸርጣን ይወልዳል።»

«አይወልድም!»

«ይወልዳል!»

«አባጨጓሬ ቢራቢሮ ይሆን የለም እንዴ?»

«ያ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ አማቴ። «ይኼ ያንተ ነው።»

ባለቤቴ ብድግ አሉ። «በቅሎ ስጥ!»

«ሰጥቻለሁ!» አለ ሙሴ ያኒ፤ እሱም ብድግ አለ።

ዛሬ ያለ ወጣት ይህን ላያውቅ ይችላል። በዚያ ዘመን አንዱ «በቅሎ ስጥ» ካለና ሌላው «ሰጥቻለሁ» ካለ ጨዋታው አበቃ፤ ነገሩ ሙግት ሆነ ማለት ነው። አንዱ ማር ይጠራል፣ አንዱ ጠመንጃ፣ አንዱ በቅሎ። የተረታ የጠራውን ያመጣል፤ የሚወስደው ግን የረታው ሳይሆን ዳኛው ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ አላውቅም። ወጉን ያወጡት ዳኞች ይመስሉኛል። ዳኛ በቅርብ ከሌለ ደግሞ ተሟጋቾቹ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው መንገድ ላይ ይቆሙና የመጀመሪያውን መንገደኛ «በሕግ አምላክ፣ ዳኘን!» ይሉታል። የተጠራ ሰው እምቢ አይልም።

ሙሴ ያኒ ነጠላ አልነበረውም። ባለቤቴ የነጠላቸውን ጫፍ በኮቱ የቁልፍ ቀዳዳ አሹልከው ቋጠሩት። እንደዚያ ተያይዘው፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት መንገድ ወጡ። ሙሴ ያኒ ረጅም ነው፤ ባለቤቴ አጭር ናቸው። እሱ ሲራመድ እርሳቸው ይሮጡ ነበር።

የመጣው መንገደኛ ኦቦ ጉታ ሆኑ። ከሁሩሙ በኩል ማር እያመጡ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ማሩን የሚሸከሙት በገዛ ትከሻቸው ነበር፤ የጭነት ከብት አልነበራቸውም። «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ቆሙ።

«ማል? ምን ሆናችሁ?»

ሁለቱ ነገሩ። ኦቦ ጉታ ሰሙ፤ ግን ፊታቸው ወደ ቤታቸው መሄድ እንደሚፈልጉ ያሳይ ነበር።

«በምን ተወራረዳችሁ?»

«በበቅሎ።»

«ሁለታችሁም?»

«ሁለታችንም።»

ኦቦ ጉታ ማራቸውን አወረዱና ድንጋይ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

ፍርዳቸው ይህ ነበር፦ አፍ ብቻውን አይበቃም፤ እንቁላል የያዘች ሸርጣን ከሶር ትምጣና ሰው እያያት ትውለድ። እስክትወልድ ሁለቱም ጋንጌዎች እሳቸው ዘንድ ይቆዩ። ጋንጌ በኦሮምኛ በቅሎ ማለት ነው። ሽማግሌው አማርኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ የሚወዱትን ነገር ግን በገዛ ቋንቋቸው ይጠሩ ነበር።

«ሸርጣኗን ማን ይጠብቃት?» አሉ ባለቤቴ። «እሱ ዘንድ ከሆነች ይለውጣታል።»

«እሱ ዘንድ ከሆነች ይረግጣታል» አለ ሙሴ ያኒ።

ኦቦ ጉታ ዙሪያውን አዩና እኔን ከአጥሩ በር ላይ አገኙኝ። ሆዴን አዩ። «እሷ ትጠብቅ። እሷም የምትጠብቀው አላት፤ ከቤት አትርቅም።»

እንዲህ ሆኜ የሸርጣን አዋላጅ ተሾምኩ። ማንም «ትፈልጊያለሽ ወይ» አላለኝም። ብጠየቅ ግን እሺ እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ያ ባለ እሾህ ልጅ ከልቤ አልወጣም ነበር።

ወንዶቹ ሶር ወርደው ሲመለሱ እስከ ደረታቸው ረጥበዋል፤ የሙሴ ያኒ አውራ ጣት ይደማል፤ ሸርጣኗ በባለቤቴ ባርኔጣ ውስጥ ናት። ወዲያው ሌላ ሙግት ተነሣ፤ በምን ትቀመጥ? ሸርጣን እኛ ዘንድ የሚበላ እንስሳ አይደለም፤ ሸክላ ደግሞ ያስገቡበትን ይጠጣል። አማቴ እንኳን እንስራ የተሸረፈ ገል አልሰጥም አሉ። ሙሴ ያኒ ባዶ የላምባ ቆርቆሮ አመጣ፤ እኔ በአመድ ፈትጌ አጠብኩት፤ ድንጋይ አስገባሁበት፤ ውሃ ጨመርኩ። ዶሮ እንዳትደርስባት የአማቴን ወንፊት ከደንኩበት። ይህን አማቴ ያወቁት ኋላ ነው።

ሸርጣኗ በጀርባ ስትገለበጥ ሆዷ ላይ እንደ ሽርጥ የታጠፈ ነገር አላት። ሽርጡ ሥር የማሽላ ፍሬ የሚያክሉ ብጫ እንቁላሎች ታጭቀዋል። ሳያቸው አማቴ ከኋላዬ ደረሱ።

«ምን ታፈጫለሽ? ነፍሰ ጡር ያፈጠጠችበትን ነው የምትወልደው!»

«እሜቴ፣ ጠብቂ ተብያለሁ።»

«ጠብቂ። አትዪ።»

ሳያዩ መጠበቅን ሞከርኩት። ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሸርጣኗ ቆርቆሮውን ትቧጥጣለች፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ መስተዋቴን አመጣሁና በትከሻዬ ላይ አሳልፌ ያዝኩ።

«ይኼስ?» አሉ አማቴ።

«መስተዋት ነው የማየው።»

አማቴ ብዙ ጊዜ አሰቡ። ሕግ አክባሪ ሴት ነበሩ። «መስተዋት ይሁን» አሉ በመጨረሻ፤ «ብቻ አትቆዪበት።»

ምግቧም ፍርድ ነበረበት። ሥጋ እንዳልሰጣት አማቴ ከለከሉ፤ በዚህ ቤት በሁዳዴ ሥጋ የሚበላ የለም አሉ። ስለዚህ ሸርጣኗ እስከ ፋሲካ ከእኛ ጋር ጾመች፤ ጎመንና የተቀቀለ ጎደሬ ነበር የምትበላው። ጎደሬውን በአንድ ጥፍሯ ይዛ በሌላው እየቆረሰች ስትጎርስ ከብዙ እንግዳ ይልቅ ሥርዓት ነበራት።

እኔ እየከበድኩ ስሄድ ምንጭ መውረድ አስቸገረኝ። ከጣራው ጠርዝ ሥር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ገበቴ ነበረን፤ ለቆርቆሮው ከዚያ መቅዳት ጀመርኩ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት በመስተዋቴ ሳይ በቆርቆሮው ውስጥ ሕይወት ሞልቷል። ራሳቸው ትልቅ፣ ጅራታቸው ቀጭን፣ ጠጉር ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች እየተጣጠፉ ይወርዳሉ፤ ደግሞ እየተጣጠፉ ይወጣሉ። መስተዋቱን ጣልኩና ዞሬ በገዛ ዓይኔ አየሁ። ሸርጣንን የሚመስል አንድም የለም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እውነት ነበራ! ቀጥሎ በቅሎዋ ትዝ አለችኝ።

ኦቦ ጉታ ተጠሩ፤ በእኛ በቅሎ ላይ ተቀምጠው መጡ፤ የሙሴ ያኒ በቅሎ ማር ተጭናለች። ሙሴ ያኒ ቆርቆሮው አጠገብ ተንበረከከ።

«በአባቴ ጀልባ ላይ እንዲህ አጎንብሼ ነበር የማያቸው» አለ ኋላ። «በዚህ አገር ይህን ያህል ጊዜ ስኖር የባሕርን ነገር ባወራሁ ቁጥር ሰው ይስቅብኛል። ውሸታም ነው ይሉኛል። አሁን እዩ።»

ባለቤቴ አላዩም። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ኩን ማሊ?» አሉ ኦቦ ጉታ፤ ይኼ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

«የሸርጣን ልጆች» አለ ሙሴ ያኒ።

«አባቴ» አልኩ እኔ ለሽማግሌው፤ «እንቁላሎቹ ግን እሆዷ ሥር እንዳሉ ናቸው።»

«ከፊሎቹ ወጥተዋል» አለ ሙሴ ያኒ።

ኦቦ ጉታ አንዴ ቆርቆሮውን፣ አንዴ በቅሎዎቹን አዩ። «እንግዲያው ሸርጣን እስኪሆኑ እንጠብቅ። ለፍርድ መቸኮል ጥሩ አይደለም።» ማራቸውን ይዘው ሄዱ።

እኔ ዱቄት በጥፍሬ እየቆነጠርኩ አበላኋቸው። አዘንኩላቸውም፤ እናታቸው ዘወር ብላ አላየቻቸውም፤ አልፎ አልፎ እንዲያውም ይዛ የምትጎርሳቸው ይመስለኝ ነበር። ጥቂት ቆይተው ተለወጡ። ጅራታቸው ከራሳቸው ሥር ተጠቀለለ፤ ጭንቅላታቸው አበጠ፤ መብላት ተዉ። ሙሴ ያኒ ሱቁን ዘግቶ መጣ። «ሁለተኛው መልክ!» አለ። «ከዚህ በኋላ እግር ያበቅላሉ!» እግርስ አበቀሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማቴ ዱቄት ሊነፉ ወንፊት ፈለጉ። ያለበትን አገኙትና «በመድኃኔዓለም!» ብለው ብድግ አደረጉት። ከሥሩ ቢምቢ እንደ ጢስ ወጣ። በፊታቸው፣ በአንገታቸው፣ በእጀ ጠባባቸው ገባ።

«ኡ! ኡ! ሸርጣኗ ቢምቢ ወለደች!»

ያን ቀን ስለ ጎረቤት አልተጨነቁም። ጎረቤትም ሰማ። እስኪመሽ ድረስ መቱ ሙሉ፣ በማግሥቱ ደግሞ ቡሬ፣ የአቶ ወልደየስ ሚስት ቤት ሸርጣን ቢምቢ መውለዷን አወቀ። አንዲት ሴት ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ «የሷስ ምን ይሆን?» ስትል ጆሮዬ ገባ። እኔን ማለቷ ነበር።

ኦቦ ጉታ ለፍርድ ተቀመጡ። ሙሴ ያኒ ራሱም ግራ ገብቶታል፤ ቢምቢ አላለም ነበር። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።

«አቶ ወልደየስ፣ ሸርጣን ሸርጣን ይወልዳል ነበር ያልከው። ቢምቢ ሸርጣን ነው?»

ባለቤቴ ላባቸውን ጠረጉ። «አይደለም።»

«እንግዲያው...» ኦቦ ጉታ ዓይናቸው ወደ በቅሏችን ሄደ።

ጎሬ ከፊቴ ራቀች። አንድ ነገር እንዳደርግ ልቤ ነገረኝ እንጂ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ተነሥቼ፣ ውሃ የምቀዳ መስዬ ወደ ገበቴው ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ገበቴው ውስጥ ያው ጉድ ይተጣጠፋል። ባለ ጠጉሮቹ አሉ፤ ጅራታቸውን የጠቀለሉት አሉ፤ አንዷ ደግሞ ጀርባዋ ተሰንጥቆ፣ የተጨማደደ ክንፏን ይዛ ከገዛ ቆዳዋ እየወጣች ነበር። ፍርዱን ረስቼ ቆምኩ። መጀመሪያ ግንባሯ ወጣ፤ ቀጥሎ እግሮቿ አንድ በአንድ፤ በውሃው ላይ ቆማ ራሷን አደረቀች፤ በረረች። ባዶ ቆዳዋ ተንሳፍፎ ቀረ።

«ምን ሆነሽ ቀረሽ?» አሉ ባለቤቴ።

«ኑ እዩ» አልኩ። መጡ። «እነዚህንስ የትኛዋ ሸርጣን ወለደቻቸው?»

ሁሉም ተራ በተራ አጎነበሱ፤ አማቴም ሳይቀሩ። ሙሴ ያኒ ራሱን ያዘ። «ቢምቢ ናት» አለ በቀስታ። «ቢምቢም ውሃ ውስጥ መልኳን ትለውጣለች። ይህን አላውቅም ነበር።»

ፍርዱ ዳግመኛ ተቀጠረ። ኦቦ ጉታ ቅር አላላቸውም፤ የቡና ነጋዴዎች ማር በብዛት የሚገዙበት ጊዜ ነበርና ሁለት በቅሎ ያለው ሰው አይቸኩልም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ በረታ። የሸርጣኗ እንቁላል ጠቆረ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ሁለት ጥቁር ነጥብ ታየ፤ ዓይን ነው። አማቴ ሆዴን በእጃቸው እየለኩ «ወርዷል» ይሉ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጬ «በይ እንጂ» እላት ነበር። እሷ ጎደሬዋን ትበላለች። መስተዋቱን ከተውኩት ቆይቷል፤ አማቴም ዝም አሉኝ። እንዲያውም አንዳንዴ ከኋላዬ መጥተው፣ «ዛሬስ?» ይላሉ።

አንድ ጠዋት ሽርጧ ሥር ያሉት እንቁላሎች ቅርጽ አጥተዋል። ቀረብኩ። እግር ነበር። ከሥር ሁሉ ጥፍርና እግር ነበር። ትንሽ፣ ነጭ መሰል፣ ፍጹም ሸርጣን፤ እሾህ የለ፣ ጅራት የለ፤ ከእናቱ የሚለየው በትንሽነቱ ብቻ ነው። አንዱ ወጥቶ በእናቱ ሆድ ላይ ወደ ጎን ሄደ፤ የሚሄድበትን የሚያውቅ ይመስላል፤ ደግሞ ተመልሶ ገባ።

ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰብን። ባለቤቴ ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል። ሙሴ ያኒ አየ፤ ባርኔጣውን በጣቶቹ ያዞር ጀመር።

«የባሕሩ እንዲህ አይደለም» አለ ብቻ። «አይቻለሁ።»

ከአጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። «ባሕሩን ይዘህ ና!» አለ አንዱ።

ኦቦ ጉታ ወደ እኔ ዞሩ። «ጠባቂዋ ትናገር። በሕግ አምላክ ያየሽውን ተናገሪ።»

ባለቤቴ አዩኝ። የሚጠበቅብኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ በቅሎዋ ያለችው በዚያች ቃል ላይ ነው። የማላውቀውን ግን ማለት አልሆነልኝም። ፈልጌ አይደለም፤ አፌ እምቢ አለ።

«የሶሯ ሸርጣን ሸርጣን ወልዳለች፤ ይህን አይቻለሁ» አልኩ። «የባሕሯን አላየሁም፤ እሱ አየሁ ይላል። ከገበቴያችን የወጣውን ካየሁ ወዲህ አይሆንም ለማለት አልደፍርም።»

ሙሴ ያኒ ባርኔጣውን ማዞር ተወ። ባለቤቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ኦቦ ጉታ ከዘራቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «እንግዲያው አንተ ያላየኸውን የባሕር ሸርጣን አይሆንም አልክ። አንተ ደግሞ ያላየኸውን የሶር ሸርጣን ይሆናል አልክ። ሁለታችሁም ባላያችሁት ተወራረዳችሁ። ሁለታችሁም ተረታችኋል።»

«ሁለቱንም በቅሎ ሊወስዱ?» አሉ አማቴ። «ይኼ ዳኛ ነው ወይስ ጅብ?»

ይግባኝ የሚባልበት አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጆቼ አድገው እኔም ወደ ትምህርት ስመለስ፣ በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፍ ውስጥ የባሕር ሸርጣን እጭ ሥዕል አገኘሁ። እጭ የሚሉት ያንን መልኩን ያልያዘውን ልጅ ነው። የግንባሩ እሾህ፣ የጀርባው እሾህ፣ ጅራቱ፣ ያ ትልቅ ዓይን፣ ሁሉም ሙሴ ያኒ እንዳለው ነበር። የወንዝ ሸርጣን ግን ይህን ሁሉ እንቁላሉ ውስጥ ጨርሶ፣ ሙሉ ሆኖ ይወጣል ይላል። ወራጅ ውሃ ደካማ ልጅ ቢያገኝ ጠርጎ ይወስደዋልና። መምህሩ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጄን አላነሣሁም። ቢያንስ ለአንድ በቅሎ የሚሆን መልስ ነበረኝ፤ ግን ማን ይጠይቀኛል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ያን ቀን ባለቤቴ አላናገሩኝም። ሰው ተበተነ። ኦቦ ጉታ የበቅሎዎቹን ልጓም እያስተካከሉ ሳለ እኔን ደጃፉ ላይ ቆሜ አዩኝ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው፤ «የምትወልጂው የት ነው?»

«ጎሬ፣ እናቴ ዘንድ ነበር።»

«በምን ልትሄጂ?»

«በዚህች በቅሎ።»

ሽማግሌው በቅሎዋን አዩ። አገጫቸውን አከኩ። ልጓሙን ለቀቁ፤ ደግሞ ያዙ።

«አሁን በቅሎዋ የኔ ናት» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«በኔ በቅሎ የፈለግሁትን እጭናለሁ።»

«አዎ።»

«ነገ ማር ይዤ ጎሬ እሄዳለሁ። ማሩን በግሪኩ በቅሎ እጭናለሁ። በዚህችኛዋ አንቺን።» ከዚያም ድንገት ተቆጡ። «በጠዋት! ከዘገየሽ ትቼሽ እሄዳለሁ!»

በጠዋት ወጣን። በገዛ በቅሏችን ላይ እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በእግራቸው ከጎኔ ይሄዳሉ። ሙሴ ያኒም ጎሬ የሚያመጣው ዕቃ ነበረው፤ እሱም በእግሩ። አማቴ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ፤ የሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ በጉያዬ ወሸቁልኝና፣ «አይዞሽ፣ ጩኺ» አሉኝ። አልጠበቅሁም ነበር።

ሸርጣኗን በቆርቆሮዋ ይዘናት ነበር። ወደ ሶር የሚወርድ አንድ ጅረት ስንደርስ ውረዱና ልቀቋት አልኩ። ባለቤቴ ቆርቆሮውን ከድንጋዮች መካከል ቀስ አድርገው አጋደሉት። ልጆቿ እንደታጨቁባት ወጣች፤ አንዴ ቆመች፤ ወደ ጎን ሄዳ ከድንጋይ ሥር ገባች። ባለቤቴ ወዲያው አልተነሡም። አጎንብሰው ቆዩ፤ ልብሳቸው ረጠበ።

«ያኒ» አሉ ሳይዞሩ። ከፍርዱ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። «ያ በግንባሩ የሚጣበቀው። መርከቡ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል?»

«አብሮ ይሄዳል።»

«ሳይከፍል?»

«ሳይከፍል።»

«ኬላ ላይስ?»

ከዚያ በኋላ መንገዱ አጠረ። ሙሴ ያኒ ያወራል፣ ባለቤቴ ይጠይቃሉ፣ ኦቦ ጉታ «ውሸት!» ይላሉ፣ ደግሞ «ከዚያስ?» ይላሉ። እኔ ወገቤ ጀምሮኛል፤ አልተናገርኩም። በየዳገቱ ኮርቻውን እይዝና እሰማለሁ። አምስት እጅ ስላለው፣ ልጅ ሳለ ግን እጅ ስለሌለው አንድ የባሕር እንስሳ ሲነግር ሕመሙን ረሳሁት።

ጎሬ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። እናቴ ደጅ ላይ ቆማለች። አንድ የማታውቃቸው ሽማግሌ በቅሎዬን ይስባሉ፤ አማችዋ በእግራቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፤ ኋላ አንድ ፈረንጅ፤ ከሁሉ ኋላ ማር የጫነች በቅሎ።

«ምን ሆናችሁ እስከ ዛሬ ዘገያችሁ?»

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተናገሩ። ሸርጣን፣ ቢምቢ፣ ሰፍነግ፣ ገበቴ ተደበላለቀ። እናቴ አንዱንም አልሰማችም። ክንዷን በብብቴ ሥር አስገብታ አወረደችኝ። ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው።

«ውሃ ጥጄያለሁ» አለችኝ። «ግቢ።»

ገባሁ። ከኋላዬ ባለቤቴ፣ «እሺ፣ ያን ሁሉ እሾህ ግን ምን አስፈለገው?» ሲሉ ሰማሁ። ሙሴ ያኒ ጉሮሮውን ጠረገ። መልሱን ልሰማ ዘወር አልኩ፤ እናቴ በሩን ዘጋችው።